ሳይጣሉ የታረቁት

አባቴና ደጊቱ የተጣሉት ድንች ስናወጣ ነው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምኜ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ አንድ ነገር ካመንሁ በጥንድ በሬ ቢስቡኝም የምለቅ ልጅ አልነበርሁም። ዛሬም ብዙ አልተሻለሽም ይሉኛል።

ቤታችን ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ፣ ዳገቱን ጨርሰው ሲያበቁ የሚገኝ መንደር ውስጥ ነው። እኔ የምሥራች እባላለሁ። አባቴ ቄስ እንየው ይባላል፤ በሳምንቱ ቀን ያርሳል፣ በሰንበት ይቀድሳል። እናቴን የማስታውሳት በድምፅዋ ብቻ ነው፤ መልኳን ሰዎች ሲነግሩኝ ነው የሠራሁት። ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ደጊቱ የጎረቤታችን የሽባባው እህት ናት። ትዳሯ አልሰምር ብሎ ወንድሟ ቤት ከተመለሰች ወዲህ እንድታድር እንጅ ቤቴ ብላ እንድትኖር የጋበዛት ሰው አልነበረም። ለእናቴ ለቅሶ እንደ ሰው ሁሉ ንፍሮ ይዛ መጣች። ለቀስተኛው ሲበተን እሷ ቀርታ እግሬን አጠበችኝ። በማግሥቱም መጣች፤ ከዚያ ወዲያ መምጣቷን አልተወችም።

ጠዋት መጥታ እሳት ታያይዛለች፣ ፀጉሬን ታበጥራለች፣ ከእኔ ጋር ትጨቃጨቃለች። ሲመሽ ወደ ወንድሟ ቤት ትሄዳለች። እኔ የምጠላው ያን ሰዓት ነው። በሩን ከኋላዋ ስትዘጋው ቤቱ ይሰፋብኝ ነበር። አባቴ ዳዊቱን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ምድጃው ዳር እቀመጣለሁ፤ ሁለታችንም የምንለው ነገር ያልቅብናል።

ደጊቱ ምላሷ ስል ነበር። አዊኛውንም አማርኛውንም ስትናገር ሰው ሳይስቅ አይለቃትም። አባቴን እንኳን አትምረውም።

በዚያ ቀን፣ ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን፣ ድንቹን እያወጣን ነበር። አባቴ ዶማውን ቀስ ብሎ ነው የሚያሳርፈው፤ ድንች እንዳይቆስል ይሳሳል።

«ቄሱ፣» አለችው ደጊቱ፣ «ድንቹን እያወጡት ነው ወይስ እያጠመቁት?»

አባቴ ዶማውን ተደግፎ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልዱ የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ወዲያው ደጊቱ የድንቹን ግንድ የምታጭድበት ማጭድ አዳልጧት መዳፏን ቆረጣት። ደሙ ብዙ ነበር። «ምንም አይደል» ብላ በአፈር ልታብሰው ስትል አባቴ ደርሶ እጇን ያዘው። ከነጠላው ጫፍ ቀደደና አሰረላት። ቋጠሮውን ሲጨርስ አየሁት። ጨርሶም እጇን እንደያዘ ነበር። እሷም አልወሰደችውም። ሁለቱም ያንን እጅ ያዩታል፤ ሦስተኛ ሰው ያስቀመጠው ዕቃ ይመስል ነበር።

ከዚያ አባቴ ድንገት ለቀቀው። ዶማውን እዚያው ጥሎ በእርሻው መካከል እየተራመደ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሄደ። ደጊቱ ስትቆረጥ ያላለቀሰችው አሁን መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እንግዲህ ምን ብዬ ልውሰደው? አንዱ ጥሎ ሲሄድ፣ አንዷ ስታለቅስ። እኔ የማውቀው ጠብ እንዲያ ነው። አባቴ በክፉ ቃል ተናግሯታል፣ ቃሉን ሳልሰማ አመለጠኝ አልሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስረጃው ተቆለለ። ደጊቱ ከመምጣቷ በፊት አባቴ ከቤት ይወጣል። ውኃ ብታቀብለው «አልጠማኝም» ይላል፤ እሷ ዞር ስትል ራሱ ቀድቶ ይጠጣል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ድሮ በሽባባው ደጅ ነበር የሚያልፈው፤ አሁን በላይኛው መንገድ፣ ከሰል ሊሆን የተተከለውን የግራር ደን ዙሮ ይሄዳል። ስሟን አይጠራም። «ያች መጥታ ነበር?» ይለኛል። ከእንቅልፌ ስባንን ሲሰግድ አገኘዋለሁ። የመሬቱን ድምፅ እሰማና ተመልሼ እተኛለሁ።

ደጊቱም ቀልዷ ነጠፈ። ፀጉሬን ስታበጥር እጇ ይረሳኛል፤ ማበጠሪያው ፀጉሬ ውስጥ ይቆማል። «ደጊቱ!» ስላት «እህ» ብላ ትቀጥላለች።

ቀጥሎ በመጣው እሑድ አባቴ መቅደስ አልገባም። ነጠላውን አደግድጎ ከምእመናኑ ጋር ውጭ ቆመ። አጠገቡ የቆሙት ገበሬዎች ዘወር ዘወር ብለው አዩት፤ ከዚያ ከአክብሮት የተነሣ ትንሽ ፈቀቅ አሉለትና ብቻውን ቀረ። ቅዳሴ ሲያንስ ሲያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። የእኛ ሚካኤል ደግሞ ያሉት ቄሶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አባቴና ሽማግሌው አባ ወገኔ። አባቴ ሲቀር ቅዳሴው ታጎለ። አባ ወገኔ ኪዳን አድርሰው፣ ወንጌል አንብበው፣ ሕዝቡን አሰናበቱ። ሰው ጠዋት በብርድ መጥቶ ሳይቆርብ ሳይቀደስለት ተመለሰ። የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ ሆነ።

«ምነው ቄሱ?» ሲሉት አባቴ «ደኅና አይደለሁም» ይላል። ውሸት አልነበረም። ልቡ ሁለት ቦታ የቆመ ሰው መንበሩን አይነካም ብሎ ራሱን ያገደ እሱ ራሱ ነው። ማንም አልከሰሰውም፤ የሚከሰስበት ነገርም አልሠራም። ያኔ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም፤ ቢነግረኝም አይገባኝም።

ሴቶቹ ከውኃው ዳር ያወራሉ። እትዬ ማናለብሽ፣ የሰው ቤት እሳት ቢጠፋ ቀድማ የምታውቅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የቄሱ በሽታ መድኃኒቱ ጎረቤት ነው ያለው፤ ደጊቱ እጅ» አለች። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። እኔ እንስራዬን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥሁ። ደጊቱ መድኃኒት ይዛ ዝም ማለቷ አናደደኝ።

«ለአባዬ መድኃኒት አለሽ አሉ። ስጭው!»

ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋው ቆመ። «ማን አለ?»

«እትዬ ማናለብሽ።»

«ማናለብሽ አፏን ውኃ ትሙላበት።» ቀና ብላ አላየችኝም። «የኔ መድኃኒት አባትሽን ይገድለዋል እንጅ አያድነውም፣ የምሥራች። ተይው።»

ይገድለዋል! እንግዲህ ጠቡ እዚህ ድረስ ደርሷል። ያን ቀን ድንቹን ሳልበላ ተነሣሁ።

በሰንበት ትምህርት ዲያቆን ምንይችል ያስተማረን አንድ ነገር ነበር። መባ ይዘህ ወደ መሠዊያው ስትሄድ ወንድምህ የተቀየመህ እንደሆነ ብታስታውስ፣ መባህን ትተህ መጀመሪያ ሂድና ታረቅ። የተጣላ ሰው አይቆርብም፤ የተጣላ ቄስማ እንዴት ይቀድሳል? ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። አባቴ ከመቅደስ የወጣው ከደጊቱ ጋር ስለተጣላ ነው። የኅዳር ሚካኤል ደግሞ ደርሷል፤ ታቦት ይወጣል፣ ከየመንደሩ ሰው ይመጣል፣ አባቴ ውጭ ከቆመ በዓሉ ያለ ቅዳሴ ይውላል። ቢታረቁ ግን አባቴ ይቀድሳል፣ ደጊቱ ትስቃለች። ከዚያም፣ ይህን ለማንም አልተናገርሁም፣ ሲመሽ ወደ ወንድሟ ቤት መሄዷ ይቀራል።

በአገራችን ነገር ሲከር የሚጠሩት አያ አዝመራው ነበሩ። ደም ያደረቁ ሽማግሌ ናቸው። ገዳይና የሟች ወንድም አንድ ሞሰብ ላይ ያስቀመጡ ሰው አንድ ቄስና አንዲት ሴት ማስታረቅ አያቅታቸውም ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር ወደ ቤታቸው ወጣሁ።

ፈረሳቸውን እየጠረጉ አገኘኋቸው። የአዊ ሰው ፈረሱን እንደ ልጁ ነው የሚያበጃጀው፤ አያ አዝመራው ደግሞ ከልጆቻቸው አብልጠው ይወዱታል ይባል ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የቄስ እንየው ልጅ አይደለሽ? ማን ላከሽ?»

«ማንም። ሽማግሌ ልጠራ ነው የመጣሁት።»

ሳቅ አሉ፤ መጥረጋቸውን ግን አልተዉም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም? ማንና ማን ተጣልቶ ነው?»

«አባዬና ደጊቱ።»

ሁሉንም ነገርኋቸው። የቆሰለውን እጅ፣ ዶማውን ጥሎ መሄዱን፣ ከእጇ ውኃ እምቢ ማለቱን፣ በደኑ ዙሮ መሄዱን፣ «ያች» ማለቱን፣ ሲሰግድ ማደሩን፣ እሷም መድኃኒቴ ይገድለዋል ማለቷን። እየነገርኋቸው ሳለ እጃቸው ፈረሱ ጀርባ ላይ ቆመ። ጨርሼም አላንቀሳቀሱትም። እንዲህ ያለ ከባድ ጠብ ሰምተው አያውቁም ይሆናል ብዬ ትንሽ ኮራሁ።

«አንችስ?» አሉኝ በመጨረሻ። «ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?»

«እንዲታረቁ። ከዚያ ደጊቱ እኛ ቤት እንድታድር።»

«እ...» ብለው ፊታቸውን ወደ ፈረሱ አዞሩ። «ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ነገ ከሰዓት በኋላ፣ ከሚካኤል አጥር ውጭ፣ ኮሶው ሥር። ፈረሴን የምትይዝልኝ አንች ነሽ።»

እዚህ ላይ፣ ያኔ የማላውቀውን፣ ትልቅ ሰው ሁሉ ግን የሚያውቀውን ነገር ልናገር። የቄስ ሚስት አንዲት ናት። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሹሙ ሚስት ቢሞትበት አልቅሶ ሲያበቃ ያገባል፤ ነውርም ኃጢአትም የለበትም። ቄስ ግን ሁለተኛ ካገባ ክህነቱ ይቀራል። ከመቅደስ ወጥቶ ከሕዝቡ ጋር ይቆማል። አባቴ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ዛሬ እኔ ከዚያ ዕድሜ ብዙ የራቅሁ አይደለሁም፤ ሳስበው ልጅ ነበር እላለሁ።

በማግሥቱ፣ የሚካኤል ዋዜማ፣ ከኮሶው ሥር ተሰበሰቡ። አያ አዝመራው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ቆመ፤ ደጊቱ ከወዲያ ቆመች። ሌላ ሽማግሌ አልጠሩም። እኔ ልጓሙን ይዤ ራቅ ብዬ ነበርሁ። ከደኑ በኩል የከሰል ጭስ ይመጣል፤ ነፋሱ ንግግራቸውን አንዴ ያመጣልኛል፣ አንዴ ይወስድብኛል። ያልሰማሁትን የነገሩኝ ራሳቸው አያ አዝመራው ናቸው፤ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ዓመት፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ፈረሳቸውም ሞቶ።

«በምን ተጣላችሁ?» አሉ አያ አዝመራው።

«እሷ አልበደለችኝም» አለ አባቴ።

«እሳቸውም አልበደሉኝም» አለች ደጊቱ።

«ሳይበዳደሉ መኮራረፍ ከበደል ይከፋል። እንግዲህ የዛሬው ሽምግልናዬ የጠብ አይደለም። ቄስ እንየው፣ ይስሙኝ። ጥምጥሙን ፈተው ቢያገቧት አልፈርድብዎትም። ሽማግሌ ሁኜ ወደ ሽባባው የምሄደውም እኔው ነኝ። ሕዝቡ ጥቂት ያወራና ሌላ ወሬ ያገኛል። ልጅዎም እናት ታገኛለች። ካልሆነ ደግሞ ይግቡና ይቀድሱ። ሁለት ባላ ትከል ይላል ያገሬ ሰው፤ ለዚህ ነገር ግን ሁለት ባላ የለውም።»

አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አየ። ፈረሱ እግሩን ቀየረ። ከዚያ የተናገረውን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ስለ ጠቡ መስሎኝ እንጅ።

«አያ፣ ጌታን ስጠይቀው ከርሜያለሁ። አጥብቄ ነው የጠየቅሁት። ቢለቀኝ እወድ ነበር። አልለቀቀኝም።»

አያ አዝመራው ወደ ደጊቱ ዞሩ። እሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ነበር።

«ቢለቅዎትም እኔ አልቀበልዎትም» አለች፤ ለአያ አዝመራው ሳይሆን ለአባቴ ነው የምትናገረው። «እኔ ያየሁዎት እዚያ ውስጥ ቆመው ነው። እኔን ብለው ከዚያ የወጡ ቀን ሌላ ሰው ነው የሚሆኑብኝ። ያን ሰውየ ደግሞ አላውቀውም።» ይህን ስትል እንባዋ በአገጯ ይወርድ ነበር አሉኝ አያ አዝመራው፤ እኔ ከቆምሁበት አላየሁትም።

«እንግዲያ ይቅር ተባባሉ» አሉ ሽማግሌው።

«በምን ነገር?» አለች።

«ላለፈው አይደለም። ለሚመጣው።»

አባቴ ፊተኛ ሆነ። «ደጊቱ፣» አለ። ስሟን ጠራ! እኔ ልጓሙን ይዤ ዘለልሁ፣ ፈረሱ ደነገጠብኝ። «ደጊቱ፣ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

የታረቁ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ፤ እነሱ አልተሳሳሙም። አባቴ መስቀሉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። ግንባሯን አስነክታ ተሳለመች፣ አፏን አስነክታ ተሳለመች፤ ማንኛዋም ምእመን እንደምታደርገው። መስቀሉን መልሶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ዞሮ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባ። ለበዓሉ የሚቀድስ ቄስ ዋዜማውን እዚያው ነው የሚያድረው።

ደስታዬን ምን ብዬ ልናገር። ሮጬ ደጊቱ ቀሚስ ላይ ተጠመጠምሁ። እሷ እዚያው ሣር ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷ መካከል አስቀመጠችኝ፤ ፀጉሬን ፈትታ እንደገና ትጎነጉን ጀመር።

«ነገ ጧት አትሠሪኝም?»

«አሁን ይሻላል።»

«አጠበቅሽብኝ! ያመኛል።»

«እንዲቆይልሽ ነው» አለች።

አጥብቃ ጎነጎነችኝ። ስትጨርስ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ አናቴን ሳመችኝ፤ ብዙ ቆየች፤ አናቴ ላይ የሞቀ ነገር ሲወርድ ታወቀኝ። የደስታ ነው አልሁ። በታረቀ ቀን ሰው ያለቅስ የለ?

ያን ጉንጉን አልፈታም ብዬ እስከ ገና ድረስ ይዤው ከረምሁ። በመጨረሻ ቅማል ሲያስቸግረኝ እትዬ ማናለብሽ አባብላ ፈታችልኝ።

ደጊቱን ከዚያ በኋላ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዳንግላ መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ አንዲት ወፈር ያለች ሴት የልጇን እጅ ይዛ ፊቴን ታየዋለች። ስሜን ጠራችኝ። ዳንግላ ባል አግብታለች፤ ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ልጆች ወልዳለች። ተቃቅፈን ተላቀስን። ስለ ራሴ ጠየቀችኝ፤ የጤና ባለሙያ መሆኔን ስነግራት እጄን መታ መታ አደረገችው። ረዳቱ «እንጅባራ፣ ሞላ!» እያለ ሲጮህ ነው የልቧን የጠየቀችኝ።

«ይቀድሳሉ?»

«ይቀድሳል» አልኋት።

«ደግ» አለች። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አየኋት፤ ልጇ ቀሚሷን ይጎትታል፣ እሷ ቆማለች።

አባቴ ዛሬም እዚያው ነው፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል። አባ ወገኔ ካረፉ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ እሳቸው የቆሙበት ላይ አንድ ወጣት ቄስ ቆሟል። መንገዱ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ሳምንታት ድምፁን ሳልሰማ የቀረሁበት ጊዜ ነበር። መንገዱ ሲከፈት እስከ አዲስ ቅዳም በሚኒባስ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሬ ሄድሁ። ብቻውን ምድጃ ዳር ድንች ቀቅሎ አገኘሁት። እንጅባራ ከእኔ ጋር ና፣ ቤቴ ሰፊ ነው ስለው እንደ ሁልጊዜው «ሁለተኛ ቄስ ከየት ይመጣል?» አለኝ። ከዚያ ድንቹን ልጦ ሰጠኝ። ብቸኝነቱን እንደ ሌላ ሰው አያማርርም፤ አይክደውምም። አንድ ጊዜ «አይከብድህም?» ስለው፣ «ይከብዳል» አለኝ፣ «ግን የኔ ነው።»

ወደዚያ ቀን ልመለስ። በማግሥቱ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ አባቴ ገባና ቀደሰ። ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አባ ወገኔ ከደስታ የተነሣ ዜማ ተሳሳቱ። የአባቴ ድምፅ ግን ድሮ ከማውቀው ዝቅ ያለ ነበር። «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲል አጠገቤ የቆመ አንድ ትልቅ ሰውየ ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገ። እኔ በሴቶቹ በኩል እየተሽሎከለክሁ ደጊቱን ፈለግኋት። የለችም። ሽባባውን ጠየቅሁት።

«ጎሕ ሲቀድ ከሰል በጫነ አይሱዙ ወደ እንጅባራ ሄዳለች» አለኝ፣ ወደ ሌላ እያየ።

ዕቃ ልትገዛ ነው አልሁ። ከእንግዲህ እኛ ቤት ልታድር አይደል፤ ዕቃ ያስፈልጋታል።

ታቦቱ ገብቶ፣ ሕዝቡ በየማኅበሩ በልቶ ጠጥቶ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አባቴና እኔ ወደ ቤት ገባን። በሽባባው ደጅ ነው ያለፍነው። ከበዓሉ የተላከልንን ዳቦና ጠላ አቀረብሁ፤ ሴት ወይዘሮ መስዬ። ዳቦውን ሦስት ቦታ ቆረስሁት።

«ይሄ ለማን ነው?» አለ አባቴ።

«ለደጊቱ። ከገበያ ስትመለስ ትበላለች።»

አባቴ ዳቦውን አየው። «አትመጣም፣ የምሥራች።»

«ነገ ነው የምትመጣ?»

«ነገም አትመጣም።»

«እንዴ! ታርቃችኋል እኮ!»

«ታርቀናል» አለ።

ጥምጥሙን አላወለቀም ነበር። ፊቱ የሳቀበትን ቀን አይመስልም፤ ግን የነዚያን ሳምንታት ፊትም አይመስልም። ያዘነ መሰለኝና ላስደስተው አሰብሁ። የደበቅሁትን ትልቅ ነገር ላውጣለት ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«አባዬ፣ አያ አዝመራውን ማን እንደጠራቸው ታውቃለህ?»

ቀና አለ። «ማን ጠራቸው?»

«እኔ! ብቻዬን ሄጄ። ሁሉንም ነገርኋቸው። እንዲያስታርቋችሁ።»

አባቴ አየኝ። ማንም ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። እጁን ዘርግቶ አጠገቡ አስቀመጠኝና ራሴን ደረቱ ላይ አስደገፈው። ልቡ ሲመታ እሰማለሁ።

«አንች ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ!»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ደግ አደረግሽ። ብቻዬን አልችለውም ነበር።»

ከአባቴ እንደዚያ ያለ ምስጋና ተቀብዬ አላውቅም። አንዴ ሰምቼ መጥገብ አቃተኝ።

«ማን ነው ያስታረቃችሁ?» አልሁት።

«አንች።»

«ማን?»

«አንች ነሽ፣ የምሥራች።»

«እንደገና በለው። ማን?»

«አንች።»

እስኪደክመኝ ጠየቅሁት፤ እስኪደክመኝ መለሰልኝ።